የቤት ብድሬና የማ-ቴቤ ብርድ ልብስ

ደላላ አልወድም። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ኪምበርሊ ወህኒ ቤት የሴቶቹን ክፍል የምጠብቅ ሴት ነኝ። ምላሱ ማር የሆነ ሰው በየቀኑ አያለሁ፤ "ለሰው ሥራ ላፋልግ ብዬ እንጂ ምንም አላጠፋሁም" የሚሉትን ከነሰላምታቸው አውቃቸዋለሁ። ስለዚህ የሥራ ባልደረባዬ "የቤት ብድር ከፈለግሽ ማ-ቱሜሎ ጋ ሂጂ፤ የሰፈራችን የብድር ደላላ ናት፤ ካንቺ አምስት ሳንቲም አትቀበልም" ስትለኝ ሳቅሁባት።

"ካልተቀበለችኝ ምን ትበላለች? አየር?"

"ባንኩ ነው የሚከፍላት፣ ብድሩ ሲፈቀድ።"

"ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት" አልኳትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

እንዲህ የተኮፈስኩት ግን ባንኩ ጥሎኝ ሳለ ነበር። ልብሴን ተኩሼ፣ ጫማዬን አብርቼ፣ የደመወዝ ወረቀቴን ይዤ ራሴ ሄጄ ነበር። ከረባት ያሰረ ልጅ አስቀምጦ ጠየቀኝ፣ አመሰገነኝ፣ ሸኘኝ። ከዚያ በስልኬ አንዲት አጭር መልእክት መጣች፤ ማመልከቻሽ ተቀባይነት አላገኘም ትላለች። ለምን? እሱን አትናገርም። ዕዳ የለብኝ፣ ከሥራ ቀርቼ አላውቅ፣ ደመወዜ የመንግሥት። ደሜ ፈላ።

ቤቱ የመምህር ጃንትጂስ ነው። ሩድፓን ሰፈር ውስጥ ያለ፣ የሸክላ ግድግዳ፣ ሁለት መኝታ፣ ፊት ለፊቱ ሰው የሚቀመጥበት በረንዳ ያለው ቤት። በልጅነቴ ሒሳብ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፤ አሁን አርጅተው አፒንግተን ወዳለው ልጃቸው ሊሄዱ ነው። እኔና ልጄ ኦራቲሌ የምንኖረው ጋሌሼዌ፣ በሰው ግቢ ጀርባ በተቀጠለች የቆርቆሮ ክፍል ነው። በበጋ እንጋገራለን፣ በክረምት እንደርቃለን፤ ኦራቲሌ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ልብሷን የምትቀይረው እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው። መምህር ጃንትጂስ ቤቱን ሊሸጡ መሆኑን የሰማሁ ቀን ዓይኔን በጨው አጥቤ በራቸውን አንኳኳሁ።

"ሞሴትሳናጋፔ" አሉኝ። ሙሉ ስሜን የሚጠሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ትርጉሙ "ደግሞ ሴት" ማለት ነው፤ አባቴ አራተኛዋ ሴት ልጁ ስወለድ የተሰማውን ስም አድርጎ አወጣልኝ። ሌላው ሰው ጋፔ ይለኛል፣ "ደግሞ" እንደማለት። "ላንቺ እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ እኔ ብጠብቅም የልጄ ሚስት አትጠብቅም፤ ገዢ አግኝታለች።"

ባንኩ የጣለኝ ከዚህ በኋላ ነው። እንግዲህ ደላላ ብጠላም ምን ላድርግ? የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ። ቅዳሜ ጠዋት ማ-ቱሜሎ ጋ ሄድኩ።

ቢሮዋ የራሷ ቤት የፊት ክፍል ነው። በአጥሩ ሥር አንዲት ሴት የዶሮ እግር በከሰል ትጠብሳለች፤ ጭሱ በመስኮት ይገባል፣ ብድር ፈላጊው ሁሉ የዶሮ እግር እየሸተተ ይወጣል። ማ-ቱሜሎ ወፍራም፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ባንክ ቤት ብዙ ዓመት ሠርታ ወጥታለች። "እርስዎ" ስላት "አንቺ በዪኝ፣ ገና ጥርሴ አልረገፈም" አለችኝ።

ከረባት እንዳሰረው ልጅ መስሎኝ ወረቀቶቼን ገፋሁላት። ወዲያ አለቻቸው።

"ወረቀት ይቆያል። ከደመወዝሽ ማን ማን ይበላል?"

"ልጄ።"

"ሌላስ?"

"ማሎሜ ሞዲሪ አንዳንዴ።" ማሎሜ የምንለው የእናትን ወንድም ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ የቤታችን ትልቅ ሰው እሳቸው ናቸው።

"ማን ሞቶባችኋል? ማን ታሟል? ማንን ዋስ ሆነሻል?"

"የቤት ብድር ልጠይቅ ነው የመጣሁት፤ ንስሐ ልገባ ነው እንዴ?"

"አንድ ናቸው" አለች፤ ከመሳቢያዋ ኦቾሎኒ አውጥታ እየፈለፈለች። "አግብተሻል?"

"አላገባሁም።"

"ለባንኩም እንዲህ ብለሽ ነው የጻፍሽው?"

"አዎ። እውነት ነዋ።"

እኔው ፈቅጄላት ስልክ አነሳች። ከቀድሞ ባልደረቦቿ ከአንዱ ጋር ስለ ልጆች፣ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ድሮ አለቃቸው ቀብር አወራች፤ እኔ ተቁነጠነጥኩ። በመጨረሻ ስልኩን ዘግታ ዓይኔን አየችኝ።

"ባንኩ መሥሪያ ቤትሽ ደውሎ ስለ አንቺ ጠይቋል። መሥሪያ ቤትሽ ባለትዳር ናት አለ። አንቺ አላገባሁም አልሽ። ታዲያ ማንኛችሁ ናችሁ የዋሻችሁት?"

ብድግ አልኩ። ወህኒ ቤት ውስጥ ብድግ ስል ሰው ዝም ይላል፤ ማ-ቱሜሎ ግን ኦቾሎኒዋን ቀጠለች። ከዚያ ነገሩ ትዝ አለኝና ቁጭ አልኩ። ካቻምና የልጄ አባት የቴቤ ወላጅ አባት የሞቱ ጊዜ ፈቃድ ጠይቄ ነበር። ለጎረቤት ቀብር ፈቃድ አይሰጡም፤ ለቅርብ ዘመድ ነው። "የባሌ አባት" ብዬ ሞላሁ። ምን ልበል ታዲያ? የልጄ አያት ናቸው፣ ሲጠሩኝም "ልጄ" ነበር የሚሉኝ።

"እሺ" አለች ማ-ቱሜሎ። "ስለዚህ ባል አለሽ።"

"ባል የለኝም!"

"የባል አባት ግን አለሽ።"

"ነበረኝ። ሞቱ።"

ሳቀች፤ እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። ከዚያ መነጽሯን አጠለቀች፤ ማጥለቋም ሳቁ እንዳበቃ ማሳወቋ ነበር። ከረባት ያሰረው ልጅ ሺህ ዓመት ቢቀመጥ የማይጠይቀውን ትጠይቀኝ ጀመር።

"የቴቤ አጎቶች ቤታችሁ መጥተው ነበር?"

"መጥተዋል። ኦራቲሌ ሆዴ ውስጥ ሳለች።"

"ማጋዲ ሰጡ?" ጥሎሹን ማለቷ ነው።

"ግማሹን። ግማሹን እናመጣለን አሉ፣ ይኸው እስካሁን እያመጡ ነው።"

"በግ ታርዷል?"

"ታርዷል። ማሎሜ ሞዲሪ የጭንቅላቱን ጣዕም ዛሬም ያወራሉ።"

"ከዚያ ወገኖችሽ ይዘውሽ ሄደው ለነሱ አስረከቡሽ?"

"ማን ያስረክበኛል? ልጄ ጥርስ ሳታበቅል ቴቤ ሩስተንበርግ ማዕድን ማውጫ ገባ። እዚያ ሌላ ሴት አገኘ። አሁን ከሷ ጋር ነው የሚኖረው። ይቅናው።"

"ብርድ ልብስስ? ከነሱ ወገን ብርድ ልብስ ያለበሰሽ አለ?"

"የለ..." አልኩና ያ ቀን መጣብኝ።

በዚያው ቀብር ነው። ሐምሌ ነበር፤ የኪምበርሊ ሐምሌ የባልዲ ውኃ ያረጋል። ሌሊቱን ከቤተሰቡ ሴቶች ጋር ስናበስል አድረን ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ ቆሜ ስንቀጠቀጥ ማ-ቴቤ መጡ። የቴቤ እናት ናቸው፤ ባላቸው ገና አልተቀበሩም። ምንም ሳይሉ አዲስ ብርድ ልብስ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው፣ በመርፌ ቁልፍ ደረቴ ላይ አስይዘውልኝ ሄዱ። አንድ ሁለት ሴቶች እልል ለማለት ከጅሏቸው ቀብር መሆኑን አስታውሰው አፋቸውን ያዙ። እኔ እልልታው ለምን እንደሆነ እንኳ አላሰብኩም።

"በርዶኝ ነበር" አልኩ።

"ሰው ፊት?"

"ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት።"

ማ-ቱሜሎ ኦቾሎኒውን አስቀመጠች። "ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው" አለች ቀስ ብላ።

በእኛ ዘንድ ምራት የምትለብሰው ያን ነው። የባል ወገን ብርድ ልብስ ካለበሰሽ ተቀበሉሽ ማለት ነው፤ በባህል ያገባች ሴት ደግሞ ሕጉም ባለትዳር ይላታል። ባለትዳር ከሆንኩ ደግሞ ንብረቴና ዕዳዬ ከቴቤ ጋር አንድ ነው፤ ብድሩን አብሮኝ መፈረም አለበት። ቴቤን የሚያውቅ ሰው የዚህን ትርጉም ያውቀዋል። ሶፋ በዱቤ፣ መኪና በዱቤ፣ ስልክ በዱቤ ወስዶ አንዱንም ጨርሶ አልከፈለም። ከሱ ጋር የተጻፈ ስም የሚቀበል ባንክ ከኬፕታውን እስከ ሊምፖፖ ብትዞሩ አታገኙም።

"ያን ቀን ድንኳን ውስጥ የነበረው ሰው ለባንኩ አይደውልም" አልኩ። "ማመልከቻውን አላገባችም ብለሽ ላኪው። መሥሪያ ቤቴ ተሳስቶ ነው በያቸው።"

"ሌላ ከተማ ብሆን እልከው ነበር" አለችኝ። "በስልክ ብቻ የምታውቂያቸው ደላሎች አሉ፤ ጆሃንስበርግ ተቀምጠው ይልኩልሻል። እኔ ግን የምኖረው እዚህ መንገድ ላይ ነው። ነገ ያ ሰውዬ አበዳሪዎቹን አስከትሎ 'የሚስቴ ቤት የእኔም ነው' ብሎ በርሽ ላይ ቢቆም የምትረግሚው እኔን ነው። ገበያ በየት በኩል እወጣለሁ? ነገሩን መጀመሪያ እናጥራው። ወገኖችሽ አስረክበውሻል ወይስ አላስረከቡሽም? ለመሆኑ ያለበሰችሽ ሴትዮ ለምን አለበሰችሽ? የሁለቱን ወገን ቃል በመሐላ እናምጣ። ከዚያ እልከዋለሁ፣ ለአንድ ባንክ ብቻ ሳይሆን ለሦስት።"

ወጣሁ፤ እስከ ታክሲ ፌርማታው ድረስ ስሰድባት ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ ስቀመጥ ግን እውነቷን መሆኗ ገባኝ፤ ይህም የበለጠ አናደደኝ።

በመጀመሪያ ቴቤ ጋ ደወልኩ። ለቤት ብድር ብዬ ያላገባን መሆናችንን በመሐላ ጻፍልኝ ልለው ትንፋሼን ሰብስቤ ጀመርኩ፤ ሳልጨርስ "አላገባሁሽም! እጽፋለሁ! ዛሬውኑ እጽፋለሁ!" አለ። በነጋታው ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት በስልክ ደረሰኝ። በሕይወቱ ፈጥኖ የሠራው ሥራ ያ ብቻ ነው። የፈለግሁትን አግኝቼ ለምን ቅር እንዳለኝ አላውቅም። ትንሽ እንኳ ቢያመነታ ምን ነበረበት?

ማሎሜ ሞዲሪን አግኝቼ ነገሩን ሳስረዳቸው ደግሞ ሌላ ጭንቀት ያዛቸው።

"አላገባችም ብዬ ከማልሁ፣ እነሱ 'እንግዲያው የበላችሁትን መልሱ' ቢሉኝስ?"

"ማሎሜ፣ አሥር ዓመት አልፎታል!"

"ዓመቱን ተዪው። ያን በግ ከየት አመጣለሁ? እንደዚያ ያለ በግ አሁን አይወለድም።"

"ግን አስረክበውኛል?"

ደረታቸውን ነፉ። "እኔ? የእህቴን ልጅ በግማሽ ማጋዲ? ሰው ምን ይለኛል!" ይህንኑ ማሉ። በጉ በመሐላው ላይ እንዳይጠቀስ ብቻ ለመኑ።

የቀሩት ማ-ቴቤ ነበሩ። የሚኖሩት ባርክሊ ዌስት ነው። ኦራቲሌ እሑድ እሑድ ትሄድላቸዋለች፤ ሾርባ ያጠጧታል፣ ፀጉሯን ይሠሯታል፣ እኔን ደግሞ "ምራቴ ደህና ናት?" እያሉ ይጠይቋታል። እኔም "ማ-ቴቤ ያበዙታል" ብዬ እስቅ ነበር እንጂ ቃሉን ከቁም ነገር ቆጥሬው አላውቅም። ልጃቸው ጥሎኝ ሲሄድ ከሱ ወገን በሬን ያንኳኩት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ዱቄት ተሸክመው። አሁን ሄጄ "ምራቴ አይደለችም ብለው ይማሉልኝ" ልላቸው ነው።

ማ-ቱሜሎ በትንሿ መኪናዋ ራሷ ወሰደችን፤ እኔን ከፊት፣ ማሎሜን ከኋላ። "ለዚህም ባንኩ ይከፍልሻል?" አልኳት። "ለቤንዚኑ አንቺን ነው የማስከፍልሽ" አለች፤ አላስከፈለችኝም።

ማ-ቴቤ ሁሉንም ሰሙን። ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቁ። ኦራቲሌ የራሷ ክፍል ይኖራት እንደሆነ ጠየቁ። ይኖራታል አልኩ። ተነሥተው የቤተ ክርስቲያን ኮፍያቸውን አደረጉና "እንሂድ፤ ፖሊስ ጣቢያው በምሳ ሰዓት ወረፋ ይበዛበታል" አሉ። መሐላ የሚጻፈው እዚያ ነው።

ተራችን ሲደርስ የገጠመችን ፖሊስ ወጣት ሴት ናት። ማ-ቴቤ ፊቷ ተቀመጡ። ማ-ቱሜሎ ነገሩን ባጭሩ አስረዳቻት፤ ልጅቷ ብዕሯን አዘጋጅታ "ብርድ ልብሱን ለምን አለበሷት?" ብላ ጠየቀች።

ጎንበስ ብዬ ሹክ አልኳቸው። "በርዷት ስለነበር በሏት። እውነት ነው፣ በርዶኝ ነበር።"

"አንቺን በርዶሽ እንደነበር አላየሁም" አሉ ማ-ቴቤ፤ በሹክሹክታ አይደለም፣ ክፍሉ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። "እሳት የሚነድበት ቤት ብትቆሚም አለብስሽ ነበር። ምራቴ እንድትሆኚ ነው ያለበስኩሽ።"

መምህር ጃንትጂስ ቤቱን የልጃቸው ሚስት ላገኘችው ገዢ ሲያስረክቡ፣ እኔ ወደ ቆርቆሮዬ ስመለስ ታየኝ።

"ልጄ እንደማይመለስ አውቅ ነበር" አሉ ማ-ቴቤ ለፖሊሷ። "ባሌ ሞተ። ልጄ ሄደ። እሷ ግን ማንም ሳይጠራት መጥታ ሌሊቱን ሙሉ ድስት ስታማስል አደረች። እሷንም ማጣት አልፈለግሁም። ሰው ሁሉ ባለበት ካለበስኳት ማንም አይወስዳትም አልኩ። እሷ ነገሩ አልገባትም፤ ለብርድ መስሏት አመሰገነችኝ።"

ብዕሩ መጻፉን አቁሟል። እኔ ተናደድሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳላውቀው አግብቼ ኖሬአለሁ እንዴ?

ማ-ቱሜሎ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተጠጋቻቸው። ለእኔ የምትናገርበት ድምፅ አልነበረም።

"እማማ፣ ያን ቀን ጋፔን ማን አመጣት?"

"ማንም። በታክሲ መጣች።"

"አጎቷ አብረው ነበሩ?"

"አልነበሩም።"

"ከወገኖቿ ይቺ ልጅ ያንቺ ናት ያለዎት አለ?"

"ማን ይለኛል?"

"እሷንስ ጠይቀዋታል?"

ማ-ቴቤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጠፉ። ኮፍያቸው ወደ ጎን አዘንብሎ ነበር፤ ላቀናላቸው እጄ ተነሣና ተመለሰ።

"አልጠየቅኋትም። እምቢ እንዳትለኝ ፈራሁ" አሉ። "ማንም አልሰጠኝም፤ እኔ ነኝ የሰረቅኳት። ጻፊው የኔ ልጅ። ሰረቅሁ ብለሽ ጻፊ።"

ፖሊሷ ቀና አለች። "እማማ፣ ሰረቅሁ ካሉማ ላስርዎት ነው።"

"እሰሪኝ። ወህኒ ቤት የምትጠብቀኝ እሷው ናት።"

በመጀመሪያ የሳቁት ማሎሜ ሞዲሪ ናቸው። ከዚያ ፖሊሷ፣ ከዚያ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ። እኔ አልሳቅሁም፤ አለቀስኩ። ወህኒ ቤት ውስጥ የስርቆት ቃል ስሰማ ዓመታት አልፈውኛል፤ "አልሠራሁም" ነው ሁልጊዜ የምሰማው። እንዲህ ቤቴን ሊያሳጣኝ የሚችል እውነት ተናግሮ፣ በዚያው እውነት ቤቴን የሚሰጠኝ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም።

በመሐላው ላይ የተጻፈው ይህ ነው፦ ብርድ ልብሱን ያለበስኩት በራሴ ፈቃድ ነው፤ ልጅቷ አልተጠየቀችም፤ ወገኖቿ አላመጧትም፣ አላስረከቡኝምም። ማ-ቴቤ ፈረሙ። ማ-ቱሜሎ ወረቀቱን ሁለቴ አንብባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። "ሰጪ በሌለበት መቀበል የለም" አለችኝ በጆሮዬ። "ባንኩም ጠበቃውም ይህን ይረዱታል። ውሸት ብንጽፍ ኖሮ ይህን የመሰለ ማስረጃ አናገኝም ነበር።"

ስንመልሳቸው በራቸው ላይ ወርደው "በሉ ደህና ግቡ" ብቻ አሉ። ሁልጊዜ "ልጅቱን እሑድ ላኪያት" ይሉ ነበር፤ አላሉም። እኔም "እልካታለሁ" አላልኩም፤ ተናድጄ ነበርና። ከዚያ በኋላ ስልክ አልደወሉም። ኦራቲሌ "አያቴ ምን ሆነች?" ስትለኝ ወሬ አስቀየርኳት። ንዴቱ በሦስተኛው ቀን ለቆኛል፤ ሐፍረቱ ግን ቀረ። የማን ሐፍረት እንደሆነ እንኳ ለይቼ አላውቅም፤ የሳቸው ይሁን የእኔ።

ማ-ቱሜሎ ማመልከቻውን ለሦስት ባንክ ላከችው። መሥሪያ ቤቴ ሄዳ፣ ማንንም ሳታስቀይም፣ መዝገቡን አስተካክላ መጣች፤ እንዴት እንዳደረገችው አልነገረችኝም። አንዱ ባንክ እምቢ አለ። ሁለተኛው ዝም አለ። ወሩ ሊያልቅ ነው፤ የመምህር ጃንትጂስ ልጅ ሚስት በረንዳው ላይ ቆማ ቤቱን ለሰው ስታስጎበኝ በታክሲ ሳልፍ አየኋት፤ ቆሽቴ አረረ።

ሥራ ላይ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የጥየቃ ሰዓት ላይ፣ በር ላይ ያለው ባልደረባችን "ጋፔ፣ ጠያቂ አለሽ" ብሎ ጠራኝ። እስረኛ ጠርቶ የተሳሳተ መስሎኝ ወጣሁ። ማ-ቱሜሎ በእስረኛ ጠያቂዎቹ ረድፍ ውስጥ፣ ሳሙናና ዳቦ በያዙ እናቶች መካከል፣ ጉልበቷን እያሻሸች ተቀምጣለች።

"ማንን ለመጠየቅ ነው ብለሽ ገባሽ?"

"ጠባቂዋን" አለች። "ሦስተኛው ባንክ እሺ ብሏል። እኔ ከጠበቅሁት በተሻለ ወለድ። ለመምህሩ ደውዬላቸዋለሁ፤ 'የልጄ ሚስት ትፈንዳ' ብለዋል።"

እስረኞቹ ፊት አለቀስኩ። አንዷ፣ በጭካኔዬ ሁልጊዜ የምትወቅሰኝ፣ "ምን ሆነች? ተፈረደባት?" አለች። "ሃያ ዓመት!" አለቻት ማ-ቱሜሎ። "የቤት ብድር!" ክፍሉ ሁሉ አጨበጨበልኝ።

ወረቀቱ በጠበቃ እጅ ተመላልሶ፣ ተመዝግቦ፣ ቁልፍ እስክቀበል ብርዱ ወጥቶ ሙቀት ገባ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሰው ጠራሁ፤ ገንፎና ጨጓራ ሠራሁ፣ የዝንጅብል ቢራ ጠመቅሁ። ማሎሜ ሞዲሪ በረንዳው ላይ ትልቁን ወንበር ይዘው እንደ ንጉሥ ተቀመጡ። ማ-ቱሜሎ ከነጉልበቷ መጣች። ማ-ቴቤ ጋ ኦራቲሌን ልኬ ነበር፤ "አያቴ እሺም እምቢም አላለችም" ብላ ተመለሰች። ሰዓቱ ሄደ፣ ሰውም በላ፤ የሳቸውን ድርሻ ክዳን ገጥሜ አስቀመጥሁት።

"ኮ ኮ!" የሚል የደጅ ጥሪ ከግቢው በር ተሰማ።

ማ-ቴቤ ናቸው፤ የሟች ባላቸውን ወንድም አስከትለው፣ ክንፏ የታሰረ ዶሮ ይዘው ከበሩ ውጭ ቆመዋል። በሩ ክፍት ነው፤ አይገቡም። ኦራቲሌ ሮጣ ልትጎትታቸው ሄደች፤ በእጃቸው ከለከሏት። ማሎሜ ሞዲሪ ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ በትልቅ ሰው ድምፅ "እናንተ እነማን ናችሁ? ምን ፈልጋችሁ?" አሉ።

የባላቸው ወንድም ባርኔጣውን አወለቀ። "የውኃ ቅል ልንለምን ነው የመጣነው።"

በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ ሊለምኑ የሚመጡ ሽማግሌዎች የሚሉት ይህን ነው፤ ሌላ አይሉም። እኔን ሊለምኑ የመጡ ጊዜም ይህንኑ ብለው ነበር ይላሉ፤ እኔ በዚያን ጊዜ ጓዳ ተደብቄ ነበር።

"ለየትኛው ልጃችሁ?" አሉ ማሎሜ፤ ፊታቸው ጠቆረ። "ያ የሸሸው ከሆነ፣ ደክማችኋል።"

"ለልጄ አይደለም" አሉ ማ-ቴቤ። "ለእኔ ነው። ባለፈው ሳልጠይቅ ወሰድኩ። ዛሬ ልጠይቅ መጣሁ። ምራት አይደለም የምፈልገው፤ ልጅ ነው። እምቢ ካላችሁኝም ዶሮዋን ለኦራቲሌ ትቼላት እሄዳለሁ።"

ማሎሜ ሞዲሪ ዶሮዋን ተመለከቱ፣ ጢማቸውን ዳበሱ። "እንግዲህ፣ ነገሩ ተራ ነገር አይደለም፤ ስንት ላም..."

"አባ ሞዲሪ!" አለች ማ-ቱሜሎ። "ዝም ይበሉ። ይህ ቤት የማን ነው? በማን ስም ነው የተመዘገበው?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠየቅ የምትለመነዋ ሴት አትመልስም፤ አጎቶች ናቸው የሚመልሱት፤ እሷ ጓዳ ትቀመጣለች። ጓዳ ገባሁ። ቅል ስለሌለኝ ቧንቧውን ከፍቼ ትልቁን ብርጭቆ እስከ አፉ ሞላሁት። በረንዳውን አልፌ፣ ማሎሜን አልፌ፣ እስከ ግቢው በር ሄጄ በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው።

ማ-ቴቤ እስኪጨርሱት ሳይተነፍሱ ጠጡት። ከዚያ ብርጭቆውን መለሱልኝ፣ ዶሮዋን ለኦራቲሌ ሰጧት፣ ጫማቸውን ምንጣፉ ላይ ጠርገው ገቡ።